ከደጃፋችን ፊት የሚቆመው አበባ

ከቤታችን በር እስከ ግቢው በር ያለው መንገድ አሥራ አራት እርምጃ ነው። ሰባተኛው እርምጃ ላይ፣ በስተቀኝ በኩል፣ አባቴ በገዛ እጁ ድንጋይ ደርድሮ የከበበው አንድ ክብ መደብ አለ። ወደ ግቢያችን የሚገባ ሰው ሁሉ ከቤቱ በፊት የሚያየው ያንን መደብ ነው። ለሃያ ዓመታት ያህል በዚያ መደብ ላይ አንድ ቡገንቪላ ቆሞ ነበር። ባለፈው ዓመት በጋ ከሥሩ የሚያልፈው የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ መሬቱ ሲቆፈር ዋናው ሥር ተቆረጠ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ተክሉ ደርቆ ማገዶ ሆነ። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት አልፎታል። ያንን ደረቅ ግንድ በመጥረቢያ ስጥል የጣልሁት ተክል ብቻ እንዳልነበረ አንባቢ ይረዳልኛል።

እናቴ ግን ሐዘን አላበዛችም። ግንዱ ተለቅሞ ሲያልቅ መደቡን ጠርጋ፣ አፈሩን በእጇ ዳሰስ አድርጋ፣ «ባዶውን አይክረም፤ ሰኔ ሳይወጣ አንድ ነገር ትከልበት። አንተ አንባቢ አይደለህ? አንብበህ ምረጥ» አለችኝ። ይህች ጽሑፍ የዚያ ትእዛዝ ውጤት ናት። አንድ የአበባ ቁጥቋጦ ለመምረጥ የተነሣሁ ሰው ሳላስበው ወደ ታሪክ ገባሁ፤ ከታሪክም ስወጣ የተጠየቅሁት ጥያቄ እኔ የመሰለኝ እንዳልነበረ ተረዳሁ።

ግዕዝ «ገነት» የሚለውን ቃል ለአትክልት ስፍራም፣ አዳምና ሔዋን ለተሰደዱበትም ስፍራ ይጠቀምበታል። ለሁለቱ ሁለት ቃል አላስፈለገውም። ከተማችን ራሷ ስሟን ያገኘችው ከአበባ ነው፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ካሉበት ጊዜ ጀምሮ፣ እዚህ የሚኖር ሰው አበባን ከአፉ ሳይለይ ይውላል። እንዲያም ሆኖ ከደጃፋችን የምንተክለው ተክል ከየት እንደ መጣ፣ በማን ስም እንደሚጠራ፣ ማን እንዳመጣው የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። እኔም ካልጠየቁት ወገን ነበርሁ።

የጓሮ አትክልት ዐዋቂዎች ለግቢ ፊት የሚሆን ቁጥቋጦ ሲመረጥ አራት ነገር ይታይ ይላሉ። አንደኛ፣ ተክሉ ዛሬ በማሰሮ ውስጥ ያለው መጠኑ ሳይሆን ሲያድግ የሚደርስበት ቁመትና ስፋት፤ ሁለተኛ፣ ቦታው በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ፤ ሦስተኛ፣ የሚያብብበት ወራት፤ አራተኛ፣ ሳያብብ በሚቆይባቸው ወራት ቅጠሉና ቅርጹ ለዐይን ምን እንደሚመስል። አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አበባ እንግዳ ነው፤ ቅጠል ግን ቤተኛ ነው። እኔ በእነዚህ በአራቱ ላይ አምስተኛ ጨመርሁ፦ ታሪኩስ?

በመጀመሪያ ወደ ሞተው ተክል ተመለስሁ። ቡገንቪላን በቡገንቪላ መተካት ቀላሉ መንገድ ነበርና። ዘመኖቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ልቁጠራቸው። በ1766 ሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል የተባለ ፈረንሳዊ የባሕር አዛዥ ዓለምን ለመዞር ከአገሩ ተነሣ። ከእርሱ ጋር ፊሊቤር ኮሜርሶን የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ነበረ። በ1767 መርከቦቹ ሪዮ ደ ጃኔሮ ሲደርሱ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ አጥሮች ላይ ሁሉ ተንጠልጥሎ የምናየው ተክል ተለቅሞ ደረቀና በወረቀት መካከል ተቀመጠ። ስሙም ለመርከቡ አለቃ ተሰጠ። በመጽሐፍ የታተመው በ1789 ሲሆን፣ የፈረንሳይ አብዮት የፈነዳበትም ዓመት ይኸው ነው።

ኮሜርሶን ግን ብቻውን አልነበረም። ሻንጣውን የሚሸከምለት፣ ተራራ የሚወጣለት፣ ዕፅዋት የሚለቅምለት አንድ «ወጣት አገልጋይ» አብሮት ነበር። ያ አገልጋይ ዣን ባሬ የምትባል ከቡርጎኝ ገጠር የወጣች ሴት ነበረች። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሴት በመርከብ ላይ እንድትሳፈር አይፈቅድም ነበርና የወንድ ልብስ ለብሳ ገባች። ኮሜርሶን እግሩን ይታመም ስለነበር ያንን የሪዮውን ተክል የለቀመችው ራሷ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ኮሜርሶን በ1773 በሞሪሸስ ሞተ። እርሷ ግን ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተመልሳ፣ ምድርን ዞራ የተመለሰች በስም የምትታወቅ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1785 መንግሥት ጡረታ ቆረጠላት። ኮሜርሶን አንድ ተክል በስሟ ሊጠራላት አስቦ የነበረ ቢሆንም ስሙ አልጸናም። በስሟ የሚጠራ ተክል የተገኘላት በ2012 ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት አለፈ ማለት ነው። አለቃው ሌት ተቀን በየአጥሩ ይጠራል፤ የለቀመችው ግን ተረሳች።

የቡገንቪላ ነገር ራሱ ምሳሌ ይመስላል። ሐምራዊው፣ ቀዩና ብርቱካናማው ነገር አበባው አይደለም፤ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለችው፣ ማንም የማያያት ትንሽ ነጭ ቱቦ ናት። አባቴ ሃያ ዓመት ያሳደገውን ተክል አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ተክሉ ከሞተ በኋላ፣ ከጎረቤት አጥር አንድ ቅንጣት ቀጥፌ ነው። በመደቡ ላይ ግን ልደግመው አልወደድሁም። የአባቴ ነበረ፤ ሌላው ቢተከል ምትክ እንጂ እርሱ አይሆንም።

ቀጥሎ በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ቀይ ካባ የሚለብሰውን ፖይንሴቲያን አሰብሁ። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ አዝቴኮች ኩዌትላክሶቺትል ይሉት ነበር፤ የዛሬ ሜክሲኮዎች ደግሞ የልደት ዋዜማ አበባ ይሉታል። ዓለም የሚያውቀው ግን ጆኤል ፖይንሴት በተባለ ሰው ስም ነው። ፖይንሴት እ.ኤ.አ. ከ1825 ጀምሮ በሜክሲኮ የአሜሪካ የመጀመሪያው መልእክተኛ ነበር። ተክሉን ወደ አገሩ ወደ ሳውዝ ካሮላይና ላከው። በሜክሲኮ የውስጥ ጉዳይ እጁን ከማስገባቱ የተነሣ ግን አገሬው በስሙ አዲስ ቃል ፈጠረለት፤ «ፖይንሴቲስሞ» ማለት በሰው አገር ጉዳይ እየገቡ መፈትፈት ማለት ሆነ። በመጨረሻም ወደ አገሩ ተጠራ። የአንድ ሰው ስም በአንድ አገር አበባ፣ በሌላው አገር ስድብ ሆኖ ሲኖር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ከታሪኩ ይልቅ ግን ያስቀረኝ አንድ ተግባራዊ ጉዳይ ነው። ፖይንሴቲያ የሚቀላው ሌሊቱ ሲረዝም ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት የበለጠ ያልተቋረጠ ጨለማ በተከታታይ ለሳምንታት ካላገኘ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ሆነ ይቀራል። የእኛ መደብ ደግሞ በግቢው በር መብራት ሥር ነው፤ መብራቱም እናቴ ብቻዋን ከምታድርበት ጊዜ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። እናትን በጨለማ አሳድሮ አበባ ማቅላት አይሆንም አልሁና ተውሁት። ሲቀጠፍ የሚፈሰው ነጭ ወተትም ቆዳ ያሳክካል።

ሂቢስከስንም ጎበኘሁት። ሊኔየስ በ1753 «የቻይና ጽጌረዳ» የሚል ትርጉም ባለው ስም የመዘገበው ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ያበራል፤ ቁመቱም በመቀስ ይታዘዛል፤ በአራቱ መመዘኛዎች ከሁሉ የተሻለ እርሱ ነበር። ነገር ግን አንዱ አበባ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን አያልፍም፤ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይጠቀለላል፤ ሽታም የለውም። ሽታ የሌለው አበባ በደጃፍ ላይ ሲቆም ሰላምታ እንደማይሰጥ ጎረቤት ይመስለኛል።

እንግዲህ ሁሉም የመጡት ከባሕር ማዶ መሆናቸውን ባየሁ ጊዜ ልቤ ወደ አገሬ ዘወር አለ። የራሳችንስ የለንምን? አደይ አበባ ዓመታዊ እንጂ ቁጥቋጦ አይደለችም፤ መስከረምን አልፋ አትቆምም። አጋም አለ፤ አበባው ነጭና መዓዛማ፣ ፍሬው ጥቁር፤ ግን «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የተባለለት ተክል ከመንገድ ዳር ሰባተኛ እርምጃ ላይ ቢቆም ከእንግዳ ነጠላ ጋር መጣላቱ አይቀርም። በመጨረሻ ቀጋ ላይ ደረስሁ፤ ደርሼም «አገኘሁ!» አልሁ።

ቀጋ ጽጌረዳ ነው። ይህን ብዙ የከተማ ሰው አያውቅም። ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባለው የአፍሪካ ምድር በራሱ ጊዜ የበቀለ የጽጌረዳ ዘር እርሱ ብቻ ነው። በደጋው አገራችን በየገደሉ አፋፍ፣ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። አበባው ነጭ፣ ባለ አምስት ቅጠል፣ መሐሉ ቢጫ ሲሆን ሽታው ከሩቅ ይጠራል፤ ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ እረኞችም ይበሉታል። በሳይንስ ዓለም የተሰጠው ስም «የአቢሲኒያ ጽጌረዳ» ማለት ነው። ስሙ ሮበርት ብራውን የተባለውን የስኮትላንድ የዕፅዋት ሊቅና በ1820 በሃያ አንድ ዓመት ዕድሜው ስለ ጽጌረዳዎች መጽሐፍ ያሳተመውን ጆን ሊንድሊን ያስጠራል። ይኸው ብራውን እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ሁለት ጊዜ ወደ ትግራይ ተጉዞ፣ የራስ ወልደ ሥላሴ እንግዳ ሆኖ ከተመለሰ በኋላ በ1814 ላሳተመው የጉዞ መጽሐፍ የዕፅዋቱን ዝርዝር ያዘጋጀ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ በታላቅ ኩራት ወደ እናቴ ሄድሁ። በዓለም የታወቀ፣ የአገራችንን ስም የተሸከመ፣ ነጭ፣ መዓዛው የሚያውድ የራሳችን ጽጌረዳ በደጃፋችን ፊት እንደሚቆም አበሠርኋት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝና፣

«ቀጋ?» አለች።

«አዎን፣ እማዬ፤ ቀጋ።»

«የአጥሩን ቀጋ?»

«አዎን።»

ሳቀች። የሳቋ ዐይነት ግን ደስ አላለኝም። ከዚያ የቀሚሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ ከክርኗ በታች ያለውን ጠባሳ አሳየችኝ። ጠባሳውን ከልጅነቴ ጀምሮ ዐውቀዋለሁ፤ ምን እንደ ሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እናቴ የመንዝ ልጅ ናት። በሰባት ዓመቷ በግ ጠባቂ ሆነች። ማታ በጎቹ የሚያድሩበትን በረት አፍ የሚዘጋው የቀጋ እሾህ ነው፤ ጅብ የሚፈራው እርሱን ነው። የሚቆርጠው ወንድሟ ሲሆን የሚጎትተው ደግሞ እርሷ ነበረች። እሾሁ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ነውና ሲይዝ አይለቅም፤ ወደ ፊት የሚጎትተውን ሰው ወደ ኋላ ይጎትተዋል። «እኔና ቀጋ በደንብ እንተዋወቃለን» አለችኝ። «ፍሬውንም ርቦኝ በልቼዋለሁ። ክፉ ነው አልልም፤ አጥር ሆኖ ጠብቆናል። ግን ከዚያ አገር የመጣሁት በየቀኑ እርሱን እንዳላይ ነው።»

በ1964 ዓ.ም. በአሥራ አራት ዓመቷ አዲስ አበባ መጥታ በዘመድ አማካይነት በአንድ ሰው ቤት ሥራ ገባች። በዚያ ቤት ፊት አንድ ሐምራዊ ጽጌረዳ ነበረ። የመጀመሪያ ሥራዋም በየማለዳው እርሱን ማጠጣት ሆነ። እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን እንደ ወረደ ነው የምጽፈው፦ «እሾህ እንዳለው አየሁ። አጥር ግን አይደለም። ምንም አይጠብቅም፤ ማንንም አያስፈራም። ሰው እሾህ ያለውን ነገር ለመታየት ብቻ ሲተክል ያን ጊዜ አየሁ። አንድ ቀን ቤት ሲኖረኝ ይህን እተክላለሁ አልሁ። ቤት ኖረን። አባትህ ቡገንቪላውን ይዞ መጣ፤ ደስ ብሎት ነበር፤ ምን እላለሁ?»

ዝም አልሁ። ለሃያ ዓመታት ያህል በዚያ መንገድ ስወጣና ስገባ፣ እናቴ በመደቡ ላይ ሌላ ነገር እንደምትመኝ ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። እኔም እንኳ አሁን ምረጥ ስትለኝ የመረጥሁት ለአገር ነበር እንጂ ለእርሷ አልነበረም።

ቢሆንም ክርክሬን ወዲያው አልጣልሁም። በልቤ፣ ጽጌረዳ የባዕድ ተክል ነው፤ ቀጋ ግን የራስ ነው የሚለው ሐሳብ ተቀምጦ ነበር። ያንን ሐሳብ ከሥሩ የነቀለው ራሱ ታሪክ ነው።

በ1839 የፈረንሳይ መንግሥት ወደ አገራችን አንድ የጥናት ቡድን ላከ። የቡድኑ መሪ ቴዎፊል ሌፌቭር ሲሆን፣ ዕፅዋት እንዲሰበስቡ ከተመደቡት መካከል ካርተን ዲሎን እና ፔቲ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። ሁለቱም ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ካርተን ዲሎንን ንዳድ ገደለው፤ ፔቲን ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። የሰበሰቡት ዕፅዋት ግን ፓሪስ ደረሰ። አሺል ሪሻር የተባለ ሊቅ በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ ከ1847 እስከ 1851 ድረስ ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት በላቲን ቋንቋ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ ተተክሎ የሚገኝ አንድ ጽጌረዳ አለ። ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ ባለ አምስት ቅጠል፣ ዝቅ ብሎ የሚሰፋ ቁጥቋጦ ነው። ሪሻር «ቅዱስ ጽጌረዳ» ብሎ ሰየመው። ይህ ስም ቀደም ሲል ለሌላ ተክል ተሰጥቶ ስለ ነበር በ1922 በሪሻር በራሱ ስም ተተካ፤ የአትክልተኞች አፍ ግን እስከ ዛሬ «የአቢሲኒያ ቅዱስ ጽጌረዳ» ይለዋል።

ይህ ጽጌረዳ ቀጋ አይደለም፤ የአገራችን የዱር ተክልም አይደለም። ከሁለት የሜድትራንያን አካባቢ ጽጌረዳዎች የተዳቀለ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ከሁለቱም አንዱ የሚጠራው በፊንቄ ስም ነው። በ1888 የቅርስ ተመራማሪው ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብፅ ሐዋራ በተባለ ስፍራ የሮማውያንን ዘመን መቃብሮች ሲቆፍር ከሙታን ጋር የተቀበሩ የጽጌረዳ ጉንጉኖች አገኘ፤ ቤልጅጋዊው የጽጌረዳ ሊቅ ክሬፓን የደረቁትን አበቦች መርምሮ ከትግራዩ ቅዱስ ጽጌረዳ ጋር አመሳሰላቸው። ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ የዘር ተመራማሪ ደግሞ ይህን ጽጌረዳ ወደ አክሱም ያመጣው በአራተኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት አቀረበ። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ፍሬምናጦስ ከጢሮስ የመጣ የፊንቄ ሰው ነውና። ግምት ነው፤ ማረጋገጫ የለውም። ተክሉ ከውጭ መምጣቱን ግን የሚጠራጠር የለም።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ከባሕር ማዶ የመጣ ተክል ነው፤ ማን እንዳመጣው በእርግጥ አይታወቅም፤ ነገር ግን መነኮሳት ሲያጠጡት፣ ዲያቆናት ሲኮተኩቱት፣ ሲያረጅ ከሥሩ ሲተክሉት ኖሮ ዓለም በመጨረሻ የእኛን ስም ሰጠው። የእኛ ያደረገው የበቀለበት ቦታ አይደለም። ያጠጣው እጅ ነው። እኔ በባዕድና በራስ መካከል ያሰመርሁትን መሥመር አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አላወቁትም ነበር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው የጽጌ ወራት ሌሊት የሚቆመውን ማኅሌተ ጽጌን የደረሰው አባ ጽጌ ብርሃንም፣ እመቤታችንንና ልጇን በአምስት በአምስት ስንኝ በአበባ እየመሰለ ሲያመሰግን የአበባዋን አገር አልጠየቀም። እርሱ የዘመረው ስለ ስደት ነው። ወደ ግብፅ ስለ ተሰደደች እናት።

ስለ ዘመናዊው ጽጌረዳም አንድ ነገር ልበል፤ በየመንገዱ ዳር በማሰሮ የሚሸጥልን እርሱ ነውና። የጥንቶቹ የአውሮፓ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያብቡ ነበር። ደጋግሞ የማበብን ጠባይ ያገኙት በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከቻይና ከመጡት ጋር በመዳቀላቸው ነው። በ1867 ፈረንሳዊው ጊዮ ያወጣው «ላ ፍራንስ» የተባለው ዝርያ የዘመናዊ ጽጌረዳዎች መጀመሪያ ተብሎ ይቆጠራል። ፍራንሲስ ሜያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ያዳቀለው ሌላው ደግሞ በ1945 በርሊን ስትወድቅ «ሰላም» ተብሎ ተሰየመ፤ በዚያው ሰሞን የተባበሩት መንግሥታትን ለመመሥረት በሳን ፍራንሲስኮ ለተሰበሰቡት የየአገሩ ልዑካን መሪዎች አንዳንድ ዘለላ ታደላቸው። ኢትዮጵያም ከጉባኤተኞቹ አገሮች አንዷ ነበረች።

እኔ ራሴ ጽጌረዳን ለብዙ ጊዜ የማውቀው በወረቀት ነው። በባንክ ሥራዬ የአበባ ላኪዎች ሰነድ በጠረጴዛዬ ላይ ያልፋል። እዚያ ላይ ጽጌረዳ በዘንግ ርዝመት ይለያል፤ አርባ ሴንቲ ሜትር፣ ሃምሳ፣ ስድሳ፤ በሣጥን ይቆጠራል፣ በዶላር ይባዛል። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ አበባ ላኪ ሆናለች። ዝርያዎቹ ግን በአብዛኛው የውጭ አዳቃዮች ንብረት ናቸው፤ አብቃዩ ለሚተክለው ዝርያ ለባለቤቱ ይከፍላል። በማኅተም መትቼ የማሳልፈው ያ ሁሉ ጽጌረዳ ሽታው አንድም ቀን ወደ አፍንጫዬ ደርሶ አያውቅም። እናቴ በአሥራ አራት ዓመቷ ያጠጣችውን አንድ ቁጥቋጦ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሽታውን ትነግረኛለች።

በሰኔ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር ወደ ችግኝ መሸጫው ሄድን። የሪሻርን ቅዱስ ጽጌረዳ ጠየቅሁ፤ ሻጩ ስሙንም አልሰማው። እናቴ ግን አልጠየቀችም። በማሰሮዎቹ መካከል ቀስ ብላ እየሄደች፣ ጎንበስ እያለች አንድ በአንድ አሸተተች። ከብዙ በኋላ ከአንዱ ፊት ቆመች። ሐምራዊ ነው፤ ዝርያው ምን እንደሚባል ሻጩ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። «ይኸ ነው» አለች። እኔ ዋጋ ለመከራከር አፌን ስከፍት ከመቀነቷ ገንዘብ ፈትታ ከፈለች። «ይኸን እኔ ነኝ የምገዛው» አለችኝ።

ጉድጓዱን በክንድ ጥልቀት፣ በዚያውም ስፋት ቆፈርሁ፤ የቡገንቪላውን የሞተ ሥር ለቅሜ አወጣሁ። የበሰለ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቀልን። መደቡ ከረፋዱ ጀምሮ ከስድስት ሰዓት በላይ ፀሐይ ያገኛል፤ ለጽጌረዳ ይበቃል። አባቴ የደረደራቸውን ድንጋዮች አንዱንም አላነሣንም። ማሰሮውን ስሰብር እናቴ ሥሩን በመዳፏ ተቀበለችው፤ ያ ጠባሳ ያለበት ክንዷ እስከ ክርኑ አፈር ገባ።

የቀጋውስ ነገር? እኔ አኩርፌ እንዳልቀር ነው መሰለኝ፣ ከመንዝ ዘመድ ሲመጣ አንድ ቡቃያ እንዲያመጣ ራሷ ላከችበት። ከቤቱ ጀርባ ቆርቆሮው በተቀደደበት አጥር ሥር አስተከለችኝ። «እዚህ ይሁን፤ እርሱ አጥር ያውቃል» አለች። እንደሚባለው ከሆነ ሲያድግ ብዙ ሜትር ወደ ላይ የሚወጣ ተክል ነው። ለመደብ ይበዛ ነበር፤ አራቱን መመዘኛዎች ረስቼ በአምስተኛው ብቻ ለመሄድ ተነሥቼ የነበርሁ እኔ ነኝ።

ጽጌረዳው በመስከረም መጨረሻ፣ የጽጌ ወራት በገባ በሁለተኛው ቀን፣ የመጀመሪያውን አበባ ከፈተ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እናቴ በሰባተኛው እርምጃ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ጎንበስ ብላ ነበር። ሰላም አልኋት፤ አልሰማችኝም። ድምፅ ሳላሰማ በአጠገቧ አልፌ ወጣሁ። በታክሲ ውስጥ ሆኜ እነዚህን አራት ስንኞች በደረሰኝ ጀርባ ጻፍሁ፦

ልጅነቷን ሁሉ እሾህ ያጠረባት፣
በስተርጅናዋ ላይ እሾህ አበበላት፤
የማን አገር ነው ሲል ልጇ ሲመረምር፣
እሷ ውኃ ቀድታ ታጠጣው ነበር።